የመስቀል ወፍ የት ከርሞ ይመጣል?

በዓመት አንዴ ብቅ ለሚል ዘመድ «ምነው እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ!» ማለት የአባት ነው። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ለድግስ እንጂ ለጭንቅ የማይታየውን አጎቴን፣ ብድር ሲያምረው ብቻ በሬን የሚያንኳኳውን የቀድሞ ባልደረባዬን፣ የዕድር መዋጮ ሲደርስ ወር ጠብቆ የሚታመመውን ጎረቤቴን፣ ሁሉንም በዚችው አንዲት አባባል ስገሥጽ ዕድሜዬን ፈጀሁ። ወፉ ራሱ የት ከርሞ እንደሚመጣ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የአማዞንን ገባሮች ስንቱን ተማሪ በቃሉ አስጠንቼአለሁ። ከአጥሬ ሥር ሣር ላይ የሚዘለው ወፍ አድራሻ ግን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ስዊድን ያለችው ልጄ ካሜራ ላከችልኝ። «አባዬ፣ ቤት ቁጭ ብለህ ዜና ከምታዳምጥ ወጣ እያልክ ፎቶ አንሳ፤ ለደም ግፊትህም ጥሩ ነው» አለች። ከካሜራው ጋር ክንድ የሚያህል ሌንስ ነበር። ባለቤቴ ከካርቶኑ አውጥታ አገላብጣ አየችውና «የዚህ ፔርሙዝ ክዳኑ የት አለ?» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የሌንሱ ስም በቤታችን ፔርሙዝ ነው። «ፔርሙዙን አንግቶ ወጥቷል» ስትል የሰማ ሁሉ ሻይ የምሸጥ ይመስለዋል።

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ። ሐይቅ እንደ ጎረቤት የበዛባት ከተማ ናት። ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ፣ ከተማዋ ስሟን የምትጋራው ቢሾፍቱ ሐይቅ አለ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ አረንጓዴ ሐይቅ። ከተማዋ ከሐይቆቿ ሌላ የምትታወቀው በአየር ኃይሏ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ የቆየ ልማድ ነው። ወደ ሰማይ ፔርሙዝ መደገን ግን ሌላ ጉዳይ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሥራዬን የጀመርኩት ከጓሮዬ ነው። ጓሮዬ ማለት አንድ የኮክ ዛፍ፣ ሁለት ዘይቱን፣ ባለቤቴ በሠራዊት ሥርዓት የተከለችው ጎመን፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የጎረቤታችን የእማማ ሁለት የወተት ላሞችና የፍግ ክምር ነው። ወፍ ሲንጫጫ ተነሥቼ ያችን አሮጌ ቡናማ ሹራቤን እለብሳለሁ። ወፍ ሰውን እንዳይለየው ደብዘዝ ያለ ልብስ ይመረጣል ብለውኛል። እውነቱን ለመናገር ሹራቧን ከበዓል ቀን በቀር አውልቄአት አላውቅም፤ አሁን ግን ምክንያት አገኘሁላት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት መቶ ያህል ፎቶ አነሣሁ። መቶ ሰማንያው የቅርንጫፍ ነው፤ ወፍ የነበረበት ቅርንጫፍ። የቀሩት ሃያዎቹ ላይ ጅራት፣ ግማሽ ክንፍ፣ አንዱ ላይ ደግሞ የባለቤቴ ነጠላ አለ። ለልጄ ላክሁላት። «አባዬ፣ ዛፉ በጣም ያምራል» ብላ መለሰችልኝ። በመምህርነቴ ዘመን ሰነፍ ተማሪን እንዲሁ ነበር የማበረታታው፤ «ጽሕፈትህ ያምራል» እያልኩ።

እየቆየሁ ለመድኩ። ወፍ የሚቀመጥበትን ሳይሆን የሚመለስበትን መጠበቅ እንደሚሻል፣ ፀሐይን ከኋላ ማድረግ እንደሚያስፈልግ፣ ትንፋሽ ውጦ ጣትን ማላላት እንደሚገባ ገባኝ። መጀመሪያ አድርጌ በወጉ የያዝኩትም ያንኑ የሰፈሩን ዝነኛ፣ የመስቀልን ወፍ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቦዩ ዳር ባለው ሣር ላይ ቀይና ጥቁር ለብሶ፣ ላባውን ነፍቶ እንደ ኳስ ተድቦልብሎ፣ «እኔን ያየ ሌላ አይይ» ሲል አገኘሁት። በዚህ ስም የሚጠራው ወፍ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ቀይና ጥቁር የሚለብስ አለ፣ ቢጫና ጥቁር የሚለብስ አለ፣ እንደ ሙሽራ ቬሎ ጅራቱን የሚጎትትም አለ። በሁሉም የሚያጌጡት ወንዶቹ ናቸው፤ የሚያጌጡትም እንስቶቹን ለማማለል ነው።

እንግዲህ አስተማሪነት በሽታ ነውና ይህን ወፍ ክትትል አስገባሁት። መስከረም አብቦ ሰነበተ። ጥቅምትም እንዳማረበት ወጣ። ኅዳር ሲገባ ግን ቀዩ እዚህም እዚያም ይሸረፍ ጀመር። ታኅሣሥ ላይ ያነሣሁት ፎቶ ዝናብ የመታው የበዓል ባንዲራ ይመስላል። ጥር ላይ ጭራሽ ጠፋ። «እንግዲህ ሄደ» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። በዚያው ሰሞን የእማማን ስጥ ከሚለቅሙ ቡናማ፣ ድንቢጥ መሳይ ወፎች መካከል አንዱን ፎቶ አንሥቼ አጉልቼ ሳየው፣ ከሆዱ ሥር አንዲት ያልረገፈች ቀይ ላባ ቀርታዋለች።

የምርመራዬ ውጤት ይኸው ነበር። የመስቀል ወፍ የትም አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ፣ ከአፍንጫችን ሥር ነው። ላባውን ይለውጣል፣ ቡናማውን ካባ ይደርባል፣ ስጣችንን ይለቅማል። ለመስቀል ሲያጌጥ «እንኳን በሰላም መጣህ» እንለዋለን፤ ሲያወልቅ ደግሞ በጭብጨባ እናባርረዋለን። ያ ሁሉ የሰደብኩት ዘመድም በሐሰት ምስክር ነበር የተሰደበው።

ዜናውን ሮጬ ለእማማ ነገርኳቸው። አንድም አልደነቃቸው። «እና አንተስ?» አሉኝ ሹራቤን ከላይ እስከ ታች እያዩ፤ «ዓመቱን ሙሉ በዚች ትርመሰመስና ለመስቀል ሱፍ ለብሰህ ስትወጣ፣ ከየት መጣ ነው የምንልህ?»

በዚህ ጉዳይ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አለመሆናችንን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። አሪስጣጣሊስ የሚያህል ሊቅ፣ በአገሩ ጅራተ ቀይ የሆነችው ወፍ የብርድ ወራት ሲመጣ ተለውጣ ደረተ ቀይዋን ወፍ ትሆናለች ብሎ ጽፏል። እውነቱ ግን አንዷ ወደ ደቡብ ስትሄድ ሌላዋ በቦታዋ ትተካ ነበር። የኛ ስሕተት የእሱ ግልባጭ ነው። እሱ አገር የለወጠችውን ልብስ ለወጠች አለ፤ እኛ ልብስ የለወጠውን አገር ለወጠ አልን። አውሮፓውያን ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ወፎቹ በብርድ ጊዜ የት እንደሚገቡ ሲከራከሩ ኖረዋል። ሐይቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ይተኛሉ ያለም ነበር። በ1822 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ክሉትስ በሚባል ስፍራ አንድ ሽመላ ተገኘ፤ አንገቱን አልፎ የተሻገረ ረዥም የእንጨት ፍላጻ እንደ ተሸከመ ነው የበረረው። ፍላጻው ሲመረመር የአፍሪካ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሽመላው እስከ ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደርቆ ከነፍላጻው ቆሟል። ወርዋሪው ስቶ ሳይገድለው የቀረው ይህ ወፍ ለሳይንስ የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም። እኔም በፔርሙዜ ስስት ልጄን ይህንኑ ነው የማስታውሳት።

ታዲያ የመስቀል ወፍ የማይሄድ ከሆነ የሚሄደውና የሚመጣው ማን ነው? መልሱ የእማማ ፍግ ላይ ቆሞ ነበር።

ጥቅምት ላይ ነው። አንዲት ቀጭን ወፍ፣ ከላይ አመድማ፣ ከሥር ፈዘዝ ያለች ቢጫ፣ ከላሞቹ እግር ሥር ትር ትር እያለች ጅራቷን ሽቅብ ቁልቁል ትወዘውዛለች። ስም የላትም። ማለቴ ሰፈራችን ውስጥ የላትም፤ «ወፍ» ናት፣ አለቀ። የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መጽሐፍ ላይ ፈልጌ አገኘኋት። ዝርያዎቿ ከስካንዲኔቪያ እስከ ሩሲያ በተንጣለለው ምድር የሚራቡ፣ ብርዱን ሸሽተው እኛ ዘንድ የሚከርሙ ናቸው። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም፤ ልጄ በሰው የምትልክልኝ ቸኮሌት ይበልጣታል። ይቺ ናት እንግዲህ ባሕርና በረሃ ተሻግራ፣ ያለ ቪዛ፣ ያለ ትራንዚት፣ ያለ ሻንጣ የእማማ ፍግ ላይ ያረፈችው። ልጄን ለማየት እኔ ኤምባሲ ደጃፍ ሁለት ጊዜ ተሰልፌ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

በአገራችን ከተመዘገቡት ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ወደ 200 የሚጠጉት እንዲህ ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች ናቸው። አንዳንዶቹ ከመስከረም ቀድመው ይገባሉ፤ የሚበዙት መስቀልና እሬቻ አልፎ ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን ነው የሚደርሱት። እኛ እንግዳ ሸኝተን ስናበቃ እነሱ ይገባሉ። ትንንሾቹ የሚጓዙት በአብዛኛው ሌሊት ነው፤ ኮከብ፣ ፀሐይና የምድር መግነጢስ ይመራቸዋል። ጓሮዬ አጥር ላይ ጉብ ብላ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቀጥ የምትል ሌላ ወገበ ነጭ ወፍ አለች። ከእሷ ዝርያ አላስካ ላይ የሚራቡት 25 ግራም ይዘው እስያን አቋርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚበሩ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ መልሱ ሳይቆጠር። እኔ ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ሁለት ቀን እተኛለሁ።

ይህን ሁሉ ለእማማ ባወራኋቸው ጊዜ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ያችን ፍግ ላይ የምትወዛወዘውን ወፍ አየት አደረጉና «ከልጅህ አገር በኩል ነው የመጣችው?» አሉ።

«አዎ እማማ፤ ከዚያ ወገን ናት።»

«ታዲያ ከውጭ መጥታ ባዶ እጇን?»

ምን ይመልሱታል? እውነትም ከውጭ የመጣ ሰው አይመስሉም። የኛ ሰው ከውጭ ሲመጣ ያለውን ሁሉ ለብሶ ነው። እነዚህ ግን ጌጣቸውን አገራቸው ጥለው ነው የሚመጡት። ረግረግ ዳር የሚያዘወትር አንድ ረዥም እግር ወፍ አለ። ወንዱ አገሩ በሚዳራበት ወራት እንደ ጥንት የአውሮፓ መኳንንት አንገቱ ላይ ትልቅ የላባ ጥምጥም ያደርጋል። እኛ ዘንድ ሲደርስ አንገቱ ባዶ ነው፤ አፈር መስሎ ጭቃ ይቆፍራል። ወፍ እንዳገሩ ይጮሃል ይባል የለ? እንግዶቹ ዘፈናቸውንም በአብዛኛው ያስቀሩታል። እኛ ዘንድ የሚሰማው «ጪጵ» የምትል አጭር ጥሪ ብቻ ናት፤ ሰው አገር ያለ ሰው ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርገው።

ጓሮው ሲጠበኝ ወደ ጨለለቃ ወረድኩ። ጨለለቃ ከከተማችን ዳር ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። ክረምት ይሞላል፣ በጋ ሲገፋ ይሸሻል፣ ዳርዳሩ ጭቃና ሣር ይሆናል። ለእኛ ረግረግ ማለት ገና ቤት ያልተሠራበት መሬት ነው። ለወፎቹ ግን ሆቴል ነው። ማንኪያ የመሰለ አፍ ያለው ዳክዬ ውኃውን እያጠለለ ይበላል፣ ቀጫጭን እግር ያላቸው ጭቃውን በመንቁራቸው ይወጋሉ፣ ጭልፊት ከላይ እየዞረ ሁሉንም ያስደነግጣል።

የረግረጉ ጌቶች ግን ግራጫዎቹ ትልልቅ ወፎች ናቸው። ቁመታቸው ከሜትር ያልፋል፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። እኛ እግሩና አንገቱ የረዘመውን ሁሉ ሽመላ ብለን እናልፋለን፤ እነዚህ ግን ሌላ ዘር ናቸው። ጅብና ቀበሮ እንዳይነካቸው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ሲነጋ እንደ መለከት እየተጣሩ ይነሡና የታጨደ የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ ቃርሚያ ይውላሉ። ጫጩቱን የመጀመሪያውን ዓመት መንገድ የሚያሳዩት እናትና አባቱ ናቸው፤ ቤተሰብ ሆነው ይመጣሉ፣ ቤተሰብ ሆነው ይሄዳሉ። ልቆጥራቸው ሞክሬ ነበር። መቶ ሃያ ላይ ስደርስ ከኋላ የነበሩት ተነሥተው ፊት ገቡ፤ ልክ ሠርግ ቤት ምግብ እንደሚያነሣ ሰው።

አንድ ማለዳ ወደዚያው ስሄድ መንገድ ለማሳጠር የአንድን ግቢ አጥር ታክኬ አለፍኩ። ግራጫዎቹ በሰልፍ ከአናቴ በላይ ሲመጡ ፔርሙዙን አነሣሁ። ወዲያው ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ጋሼ! እዚያው ይቁሙ! ምን ላይ ነው የሚያነጣጥሩት?» የግቢው ዘበኛ ነው፤ ዱላውን ይዞ።

«ወፍ ላይ» አልኩ።

«የምን ወፍ? እዚህ ወፍ የለም!»

ቀና ብዬ አየሁ። ወፎቹ አልፈው ሄደዋል። በአራዳ ቋንቋም በቁሙም ልክ ነበር።

ካሜራውን ያሳዩኝ አለ፤ አሳየሁት። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «ቅርንጫፍ» አልኩ። «ይሄስ?» «ይሄ… የወፍ ጅራት ነበር።» «ይሄኛውስ?» «ሰማይ።» «ይሄ ሁሉ ሰማይ?» «ወፉ ቀድሞኝ ነው።» አንድ ሃያ ያህል ካየ በኋላ ፊቱ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ወደ ኀዘኔታ ተለወጠ። ካሜራውን በሁለት እጁ መለሰልኝና «ይሂዱ ጋሼ» አለኝ። «እንዲህ የሚያነሣ ሰላይ አገር አይጎዳም።»

ከእኔ የባሰ የደረሰበት እንዳለ ሳውቅ አመሰገንኩ። በ2013 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ አንድ ሽመላ ጀርባው ላይ መሣሪያ ስለ ተገኘበት በሰላይነት ተጠርጥሮ ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ነበር። መሣሪያው ሲመረመር የሳይንቲስቶች የጉዞ መከታተያ ሆኖ ተገኘና ነጻ ተለቀቀ። ነጻነቱን ግን ብዙም አልኖረበትም፤ ሰዎች በሉት ተብሎ ተዘገበ። እኔ ቢያንስ ለቁርስ ቤቴ ደርሻለሁ።

በዚያው በጋ ነው ከስንት አንዴ የተሳካልኝ። አንዱ ግራጫ ወፍ ማሳ ላይ ቆሞ ጥርት ብሎ ወጣልኝ፤ እግሮቹ ላይ ባለ ቀለም ቀለበቶች አሉ። ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ መከታተያ የታሰረላቸው የዚህ ወፍ ዘሮች ኢትዮጵያ ድረስ መምጣታቸው የተመዘገበ ነገር ነው። የቀለበቶቹ ቀለም ቅደም ተከተል ደግሞ ለሚያነበው የወፉ መታወቂያ ነው። ደስታዬን የምካፈለው ሰው ፈልጌ ለእማማ አሳየኋቸው።

«ቀለበት አድርጋለች!» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ተድራለች ማለት ነው?»

«አይ እማማ፣ ተመዝግባ ነው። ቁጥር አላት።»

«እንግዲያው በማዘጋጃ ቤት ነው የተጋባችው» አሉና ፎቶውን መለሱልኝ።

የካቲት ሲያልቅ ፍግ ላይ ያለችው ወፍ መለወጥ ጀመረች። ያ ፈዛዛ ደረቷ በየቀኑ ይደምቃል። መጋቢት አጋማሽ ላይ ልክ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆነች። በመጀመሪያ ገርሞኝ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ እንጂ ሲሄድ ያጌጣል እንዴ? ነገሩ ሲገባኝ ሳቅሁ። የምታጌጠው ለእኛ አይደለም፤ ለአገሯ ነው። ቦሌ የሚሄድ ሰው በዋዜማው ጸጉሩን እንደሚስተካከለው። አንድ ማለዳ ፔርሙዜን ደግኜ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ፍጉ ላይ ማንም የለም። ያነሣሁት ፎቶ የፍግ ብቻ ነው። ለልጄ ላክሁላት፤ ይህንን ግን ያምራል አላለችኝም።

ሚያዝያ ላይ፣ ለፋሲካ ሽር ጉድ ሲባል፣ እማማ ከአጥሩ ወዲያ ጠሩኝ። አንዷን ላም እያለቡ በሻሽ ፊታቸውን ያራግባሉ።

«መምህር፣ ያቺ የልጅህ አገር ሰው የት ሄደች?»

«አገሯ ገባች እማማ።»

«ሳትሰናበት?» አሉና እንደገና አራገቡ። «ዝንቡ እኮ አላሳልብ አለኝ። እሷ እያለች ከላሞቹ እግር ሥር አንድ አታስቀርም ነበር። ለካ ባዶ እጇን አልነበረም የመጣችው።»

ስድስት ወር ሙሉ በሌንስ ሳጮልቅ ያላየሁትን እማማ በዝንብ አወቁት። ይህን ለመጻፍ ማስታወሻዬን ከኪሴ ሳወጣ ስጣቸው ላይ ቡናማ ወፎች ግር ብለው አረፉ። እማማ ላሟን ትተው ተነሡ። በሻሻቸው እየመቱ «እሽ! እሽ! ለመስቀል ብቻ ነው አንተ ሰው የምትመስለው!» አሉ።

ወፎቹ ተነሥተው በረሩ። እኔ ግን በሹራቤ ቆሜ ቀረሁ፤ ለእነሱ ይሁን ለእኔ እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።